ዞምቢውን ያሸነፈው ደላላ

ፊልም እየታየ ለሚያወሩ ሰዎች እስካሁን አንድም ሐውልት አልቆመላቸውም። ይሄ ውለታ ቢስነት ነው። ፊልም ሰሪው የረሳውን የሚያሟሉልን፣ ያልገባንን የሚያስረዱን፣ መጨረሻውን ቀድመው ነግረው ከጭንቀት የሚገላግሉን እነሱ ናቸው። ያውም በነጻ። እኛ ግን ዞር ብለን እንገላምጣቸዋለን። "እሽሽ" እንላለን። አናፍርም።

ቅዳሜ ማታ ፒያሳ አካባቢ አንድ ካፌ ፎቁ ላይ የቆዩ ፊልሞች በፕሮጀክተር ያሳያል ሲባል ሄድኩ። መግቢያው ማኪያቶን ይጨምራል። የዕለቱ ፊልም "ሬዚደንት ኢቭል፦ አፖካሊፕስ" ነበር፤ በፈረንጆቹ 2004 የወጣው ክፍል ሁለቱ። ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ያላያችሁት ምንም አልቀረባችሁም።

ፊልሙ የተሠራው ከቪዲዮ ጌም ነው፤ ጌሙን የጃፓኑ ካፕኮም በፈረንጆቹ 1996 ነው ያወጣው። ፕሌይስቴሽን ቤት ወረፋ ጠብቆ የተጫወተ ሰው አይረሳውም። የሚያስፈራው ዞምቢው አልነበረም፤ ጸጥታው ነው። ጥይትህን ቆጥረህ ትተኩሳለህ። በር ልትከፍት ስትል ስክሪኑ ይጨልማል፣ በሩ ብቻውን ሲጢጢጥ እያለ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ለካ ጌሙ ቀጣዩን ክፍል እስኪጭን ጊዜ እየገዛ ነው! እኛ ግን ከዚያ በር ኋላ ምን እንዳለ እያሰብን ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። ክፍሉ ውስጥ የተሰበሰበው የሰፈር ልጅ ሁሉ ጭጭ ይላል። ያ ሁሉ ቀበጥባጣ ልጅ!

ክፍል ሁለት ፊልም ይሄን ሁሉ ችግር ፈታው። ጥይት አያልቅም። የሚጢጥ በር የለም። የመጀመሪያውን ፊልም የሠራው ፖል አንደርሰን ይሄኛውን ጽፎ፣ ዳይሬክት ማድረጉን ለአሌክሳንደር ዊት ሰጠው። ዊት በዳይሬክተርነት የመጀመሪያ ፊልሙ ነው፤ ድብድቡ ላይ ማን ማንን እንደመታ ለማወቅ ሽማግሌ መላክ ያስፈልጋል። ዋናዋ አክተር አሊስ ጌሙ ላይ ጭራሽ የለችም። ጌሙ ላይ ያለችው ጂል ቫለንታይን ግን ከነልብሷ መጥታ አጃቢ ሆናለች። ፊልሙ 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት 129 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። ጥፋተኛው እንግዲህ ከፍሎ የገባው ሕዝብ ነው።

እንዲህ ያለውን ፊልም ሰው ካላወራበት ምን ሊያደርግበት ነው? ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት ይሄ ገብቶታል። "አሁን ትነቃለች" ይላል፤ ትነቃለች። "ይሄ ሰውዬ ይነከሳል" ይላል፤ ይነከሳል። አብራው ያለችው ልጅ "አይተኸዋል እንዴ?" ብትለው "አራቴ!" አላት በኩራት። ከጎኑ ደግሞ ጌመሩ አለ። የጌመሩ ሥራ በየሁለት ደቂቃው "ጌሙ ላይ እንደዚህ አይደለም" ማለት ነው። እውነቱን ነው፣ አይደለም። ግን እኮ ለማን ነው የሚከራከረው? ፊልሙ ከተሠራ ስንት ዘመኑ!

እነዚህ ሁለቱ ታዲያ ጀማሪዎች ናቸው። የኔ ጀግና ከበስተቀኜ የተቀመጠው ደላላ ነው።

ስልኩ የጮኸው ፊልሙ የሚካሄድባት ራኩን ከተማ ስትዘጋ ነው። ሙታንን አስነስቶ ዞምቢ የሚያደርገው ቫይረስ እንዳይወጣ፣ የቫይረሱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ድልድዩ ላይ ያለውን በር ዘግቶ ሕዝቡን ውስጥ አስቀርቶታል። ሰው ይጮሃል፣ ይገፋፋል። ደላላው ስልኩን አነሳ። "ፊልም ላይ ነኝ ጋሼ፣ በአጭሩ ልንገርዎት" አለ። በአጭሩ ያለው እስከ መጨረሻው ቀጠለ።

"ግቢው አጥር አለው፣ ጥበቃ አለው። ከመሸ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም።"

በሩ ላይ ተኩስ ተከፈተ።

አሊስ በሞተር ሳይክል የቤተ ክርስቲያኑን መስኮት ሰብራ ገባች። "መስኮቱ ሙሉ አልሙኒየም ነው፤ መስታወቱ ገና አዲስ ነው ጋሼ።" መቃብር ቦታው ላይ ሙታን አፈሩን እየፈነቀሉ መነሳት ጀመሩ። "ጎረቤት? ስለ ጎረቤት እንኳን አያስቡ። ሁሉም የቆዩ ነዋሪዎች ናቸው፤ ድምፃቸው አይሰማም።" ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዞምቢ ሕፃናት አንዷን ሴት ከበቧት። "ለልጆቹ ትምህርት ቤት በእግር አምስት ደቂቃ ነው፤ ልጆቹም ጨዋ ናቸው።"

እዚህ ጋ አንድ ነገር ተፈጠረ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ቀስ በቀስ ፊልሙን ትቶ ወደ ደላላው ዞረ። ምን ይፈረድበታል? ሽያጩ ታሪክ አለው፣ ፊልሙ የለውም። ጋሼ ይገዙ ይሆን? ባለቤቱ ይቀንስ ይሆን? ይሄ ነው ልብ አንጠልጣይ ማለት! ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብላ "ካርታ አለው ወይ በለው እስኪ" አለችኝ። ጠየቅኩት። ስልኩን በመዳፉ ሸፈን አድርጎ "በሂደት ላይ ነው" አለኝ። ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች። ለተነከሱት ሁሉ ያልመጠጠችውን።

አሊስ የከተማውን ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ በገመድ፣ በፊቷ ተደፍታ፣ ግድግዳውን እየሮጠች ወረደች። "አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። መውረዱ ግን ምንም አይል።" ኔሜሲስ፣ ያ ጌሙ ላይ እንቅልፍ የነሳን ጭራቅ፣ ከአሊስ ጋር ቡጢ ገጠመ። ደላላውም ከጋሼ ጋር ዋጋ ገጠመ። "ኧረ ጋሼ፣ ባለቤቱ አንድ ብር አይቀንስም! እኔስ ልጆች የለኝም? ሁለት ፐርሰንቷን እኮ ነው ያልኩት!" ኔሜሲስ ተሸነፈ። ጋሼ አልተሸነፉም። በመጨረሻ ከተማዋ ላይ ኒውክሌር ተጣለ፤ ስክሪኑ ነጭ ሆነ፤ የሁላችንም ፊት በራ። ደላላው ፈገግ ብሎ "ሰፈሩ ገና ያድጋል፤ ዛሬ የገዛ ነው የሚጠቀመው" ሲል ሰማነው።

አንድ ሰው አጨበጨበ። ለማን እንዳጨበጨበ አልታወቀም።

ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው "እኛስ ድሮ አንጮህም ነበር?" ይለኝ ይሆናል። እንጮህ ነበር እንጂ! "አክተሩ አይሞትም!" እያልን ጣራ እንነቅል ነበር። ግን ሁላችንም የምናየው ያንኑ ፊልም፣ የምናወራውም ስለ እሱው ነበር። ደንግጠን እንጮሃለን፣ ደስ ብሎን እንጮሃለን። የዛሬው ሰው ሌላው መኖሩንም የረሳ ነው።

ይሄ ደግሞ ሲኒማ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። በቅርቡ አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ፣ ድምፅ እንዳይወጣት እየታገለች ታለቅሳለች። ከሷ ሁለት ወንበር አለፍ ብሎ አንድ ጎልማሳ ቲክቶኩን እስከ መጨረሻ ከፍቶ ይንከተከታል። ነርሷ "እባክህ ቀንስ" ስትለው "የራሴ ስልክ ነው" አላት። የራሱ ስልክ ነው! ጆሮውስ የማነው? ለቅሶዋን እንኳን በወጉ እንዳታለቅስ የሚቀማት ማነው? እኔን ጨምሮ አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም። ሰው ሲሞት ድምፅ መቀነስ የሚነገር ነገር ነው እንዴ? የትኛው እናት ነው ይሄን ሳይነግረን ያሳደገን?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ካፌው ለነዚህ ባለውለታዎቻችን አንድ ነገር ቢያስብ እላለሁ። ስልካቸው ዘጠና ዘጠኝ ፐርሰንት ሆኖ እንዲገቡ ቻርጀር በየወንበሩ ይዘጋጅ። ለነጋሪው ማይክ ይሰጠው፤ ኋላ ያለው ሰው "ይነከሳል" የሚለውን አጥርቶ ስለማይሰማ ተበድሏል። ለጌመሩ ከፊልሙ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይፈቀድለት፣ እኛ ደግሞ ለመውጣት ይፈቀድልን። ፊልሙን ብቻ ለማየት የሚመጣ ሰው ካለ ወንበር እየሞላ ስለሆነ እጥፍ ይክፈል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍል ሦስት ይታያል ብለዋል፤ በፈረንጆቹ 2007 የወጣው። ዓለም ሁሉ በረሃ ሆኗል፣ ላስ ቬጋስ አሸዋ ውጧታል። አጥር የለም፣ ጎረቤት የለም፣ እስከ አድማስ ድረስ ባዶ መሬት ብቻ። ደላላው ከአሁኑ ሁለት ወንበር አስይዟል። አንዱ ለጋሼ ነው አሉ።