ማስተካከያ፦ «ፎር» እና «ሲንስ» ከየትኛው ግስ ጋር ይሄዳሉ?

ለቱሉ ዲምቱ የማታ ተማሪዎች በታደለው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ወረቀት ላይ «ቱሉ ዲምቱ መኖር ከጀመርኩ 3 ዓመቴ ነው» የሚለው «አይ አም ሊቪንግ ኢን ቱሉ ዲምቱ ፎር ስሪ ይርስ» ተብሎ ሰፍሯል። ትክክሉ «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ቱሉ ዲምቱ ፎር ስሪ ይርስ» ነው። «አይ ሃቭ ቢን ሊቪንግ» ማለትም ይቻላል።

ስህተቱን የሚያመጣው የአማርኛ ልማዳችን ነው። «3 ዓመት ሙሉ እዚሁ እየኖርኩ ነው» ስንል ግሱ የአሁን ጊዜ ነው። እንግሊዝኛ ግን ድርጊቱ ካለፈው ተነስቶ እስካሁን ከዘለቀና ቆይታው ከተነገረ «ሃቭ»ን ይጠይቃል፤ ባለቤቱ «ሂ»፣ «ሺ» ወይም «ኢት» ከሆነ «ሃዝ»ን።

ወረቀቱ «ፎር» እና «ሲንስ» አንድ ናቸው ማለቱም ይታረም። «ፎር» የቆይታውን ርዝመት፣ «ሲንስ» መነሻውን ይነግራል። ቃሊቲ ታክሲ ሲጠብቅ የቆየ ሰው «አይ ሃቭ ቢን ዌቲንግ ፎር አን አወር» ወይም «ሲንስ ሰቨን ኦክሎክ» ይላል። ሰዓቱን ልብ በሉ፦ የእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በእንግሊዝኛ «ሰቨን» ነው፤ ሰዋስዉ ልክ ሆኖም ቀጠሮ የሚፋለሰው እዚህ ላይ ነው።

እንደ «የስተርደይ» (ትናንት) ያለ ያለቀ ጊዜ ከተጠቀሰ ግን «ሃቭ» አይገባም፦ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ»።

«ፎር» ባለበት ሁሉ ግን «ሃቭ» አይጨመርም። «አይ ሊቭድ ኢን ሰበታ ፎር ቱ ይርስ» ትክክል ነው፤ ተናጋሪው 2 ዓመት ሰበታ ኖሮ ለቋል ማለት ነው።