ስድስት ሜትር የሚርቅ ፊልም

ፊልሙ መኝታ ቤት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተኝቷል። ቴሌቪዥኑና ፕሌይስቴሽኑ ሳሎን ናቸው። በመሃል አንድ የብሎኬት ግድግዳ፣ አንድ በርና ስድስት ሜትር አለ። ይህችን ስድስት ሜትር ለማሻገር የአዲስ አበባ ቤተሰብ የሚያውቀው ዘዴ ፍላሽ ነው። ፍላሹ ይፈለጋል። ታናሽየው ቦርሳ ውስጥ ይገኛል። «የትምህርት ቤት ነገር አለበት፣ እንዳታጠፉብኝ!» ይባላል። ቦታ ለማስለቀቅ የማን ሠርግ ቪዲዮ እንደሚጠፋ ምክክር ይደረጋል። በሰከንድ 8 ሜጋባይት በሚጽፍ ፍላሽ ላይ 10 ጊጋ ፊልም ለመገልበጥ 20 ደቂቃ አይበቃም፤ እስከዚያ ቡናው ቶና ይደርሳል።

ያውም ግልበጣው ከጀመረ ነው። ብዙ ጊዜ ገና ሳይነሳ «ፋይሉ ለዚህ ዲስክ በጣም ትልቅ ነው» ይላል፤ ፍላሹ ላይ 20 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለ። ቤተሰቡ ፍላሹን የሸጠውን ሰውዬ ይረግማል። ሰውዬው የለበትም። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ነው፤ ፋት 32 ደግሞ 4 ጊጋ የሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። በኤክስፋት ፎርማት ቢደረግ ነገሩ አበቃ፤ ፕሌይስቴሽን 4 ያነበዋል። በኤንቲኤፍኤስ ከተደረገ ግን ኮንሶሉ፣ ማለትም ፕሌይስቴሽኑ፣ ፍላሽ መሰካቱንም አላየሁም ብሎ ይክዳል።

«ያለ ፍላሽ፣ በዋይፋይ ይሄዳል እኮ» ብሎ የሚናገር ልጅ ከቤቱ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ፓኬጅ አይበላም?» ነው። እኛ አገር ዋይፋይ ማለት ኢንተርኔት ማለት ነው፤ ይህን ለማፍረስ ሐዋርያ ቢላክም አይበቃም። ፊልሙ ከኮምፒውተሩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ኮንሶሉ ይሄዳል እንጂ ከግቢው አይወጣም። ከመኝታ ቤት ተነስቶ ሳሎን የሚገባ ሰው የታክሲ አይከፍልም። የኢንተርኔቱ መስመር ከራውተሩ ላይ ተነቅሎ ራውተሩ ኃይል ብቻ ቢያገኝ እንኳ ፊልሙ ይቀጥላል። ይህን በዓይናቸው ያዩ አባወራ ፊልሙ ሲያልቅ ስልካቸውን አውጥተው ቀሪ ፓኬጅ ይጠይቃሉ።

ኢንተርኔት የሚያስፈልገው አንዴ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ከኮምፒውተር ፊልም የሚቀበልበት መንገድ አልነበረውም፤ ሚዲያ ፕሌየር የሚባለው ነጻ አፕ የመጣለት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 ነው። እሱን ከፕሌይስቴሽን ስቶር ለማውረድ አካውንት ይከፈታል። አካውንቱ አገር ይጠይቃል፣ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ስለዚህ ቦሌም ይኑር ሽሮ ሜዳ፣ ኮንሶሉ ዲቪ ሳይሞላ አሜሪካዊ ይሆናል። ፕሌይስቴሽን 5 የገዛ ዘመናዊ ደግሞ ይህን አፕ ፈልጎ አያገኘውም፤ ለእሱ ያለው መንገድ ፕሌክስ የሚባል ሌላ አፕ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ፊልሙን ለኮንሶሉ የሚያቀብል ፕሮግራም፣ ሰርቨር፣ ይጫናል፤ ዓይነቱ ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለ ቤት ዩኒቨርሳል ሚዲያ ሰርቨር ይሻላል፦ ነጻ ነው፣ አካውንት አይጠይቅም፣ የኮንሶሉን ጠባይ ያውቃል። ይጫናል፣ ፊልሞቹ ያሉበት ፎልደር ይጠቆማል፣ አለቀ። ፕሌክስ መልከ መልካም ነው፤ ፖስተር ይለጥፋል፣ የተዋናይ ስም ይዘረዝራል፤ ግን ሲጀመር ኢንተርኔት ላይ ወጥተህ ተመዝገብ ይላል። ፓኬጅ የሚቆጠርበት ቤት ውስጥ ይህ አያስወድድም።

ከዚያ ኮንሶሉ ላይ ሚዲያ ፕሌየር ሲከፈት ምን ይሆናል? ኮንሶሉ በቤቱ ኔትወርክ እየዞረ እንደ ቆራሌው ይጣራል። የሚጣራው ወደ አንድ የታወቀ አድራሻ፣ ወደ 239.255.255.250 ነው፤ ፖርቱ 1900። «ፊልም ያለው! ሙዚቃ ያለው! ፎቶ ያለው!» ሰርቨሩ ይሰማና «አለ፣ ና ግባ» ይላል፤ ስሙ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ስሙ ካልወጣ ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ጥፋቱ የዘበኛው ነው። ዘበኛው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። ኮምፒውተሩ ያን ዋይፋይ መጀመሪያ ያገኘ ዕለት «ሌሎች እንዲያዩህ ትፈቅዳለህ?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ በዚያ ሰዓት አጎት ከጎን ሆነው «ኖ በለው! ሀከር ነው!» ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ የገዛ ቤቱን እንደ ካፌ ይቆጥረዋል። መድኃኒቱ፦ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ የተገናኘው ዋይፋይ ፕሮፐርቲስ፤ እዚያ «ፐብሊክ» የሚለውን ወደ «ፕራይቬት» መቀየር። ፋየርዎሉ ስለ ሰርቨሩ ሲጠይቅም ፕራይቬት ላይ ብቻ ምልክት አድርጎ መፍቀድ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካልታየ፣ አንዱ መሣሪያ በእንግዳ ዋይፋይ ገብቶ ይሆናል። የእንግዳ ዋይፋይ እንግዳውን ኢንተርኔት ያጠጣዋል እንጂ ከቤተሰቡ ጋር አያስተዋውቀውም።

አሁን ፊልሙ ስሙ ታየ፤ ሲጫኑት ግን «ይህን ፋይል ማጫወት አልተቻለም» ይላል። እዚህ ላይ ጤፍና ጆንያን መለየት ግድ ነው። ኤምኬቪ፣ ኤምፒ4፣ ኤቪአይ የሚባሉት ጆንያዎች ናቸው። ውስጥ ያለው ጤፍ ምስሉና ድምፁ ነው። የድሮው ፕሌይስቴሽን 3 ኤምኬቪ የሚባል ጆንያ አይወድም፤ ውስጡ ኤች 264 የሚባል፣ ጥርግ አድርጎ የሚበላው ጤፍ ቢሆንም አይፈታውም። ለእሱ ጤፉን ሳይነኩ ጆንያ መቀየር ይበቃል፤ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ላይ «ኮፒ» በሚለው ትእዛዝ በደቂቃዎች ያልቃል። ፕሌይስቴሽን 4 ጆንያውን ይፈታል፤ ችግሩ ጤፉ ላይ ነው። ፊልም የሚጭነው ልጅ ሃርድ ዲስክህ ላይ ብዙ እንዲገባልህ ብሎ ኤች 265 ይሰጥሃል፤ ቦታው ግማሽ ነው፣ ሚዲያ ፕሌየሩ ግን አያውቀውም። ምስሉ መጥቶ ድምፅ ከጠፋ ደግሞ ድምፁ ኮንሶሉ የማያውቀው ዲቲኤስ የሚባል ዓይነት ነው። ቤተሰቡ ወዲያው የቴሌቪዥኑን ጀርባ መደብደብ ይጀምራል። ቴሌቪዥኑን ተዉት! ምስሉን እንዳለ ትቶ ድምፁን ብቻ ወደ ኤሲ3 መቀየር ነው።

ሰርቨሩ ራሱም ኮንሶሉ የማያውቀውን ጤፍ እያየ፣ እዚያው በዚያው ያስተረጉማል፤ ትራንስኮዲንግ ይሉታል። ኮምፒውተሩ ደህና ጉልበት ካለው ማንም ልብ አይለውም። ባለሁለት ኮሩ አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ ግን ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፣ ምስሉ በየአምስት ሰከንዱ ይቆማል፣ «ኔትወርኩ ነው» ይባላል። ኔትወርኩ አይደለም። ታስክ ማናጀር ተከፍቶ ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

የትራንስኮዲንግ ትልቁ መዘዝ ማሳለፍ ላይ ነው። ፋይሉ ገና እየተሠራ ስለሚላክ ኮንሶሉ የፊልሙ ቀሪ ክፍል የት እንዳለ አያውቅም፤ ወደፊት አሳልፈው ሲሉት ሰርቨሩ ከአዲስ ቦታ እንደገና ይጀምራል፣ እስከዚያ የመጨረሻው ምስል ተገትሮ ይቆያል። መች ነው ሰው ማሳለፍ የሚፈልገው? ሳሎኑ ውስጥ አያት፣ የክርስትና አባትና ሦስት ሕፃናት ተቀምጠው፣ ስክሪኑ ላይ ያሉት ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት መቀራረብ ሲጀምሩ ነው። ልጁ ጆይስቲኩን ይመነጭቃል፣ ማሳለፊያውን ይጫናል፣ ምስሉ እዚያው ይደርቃል። 55 ኢንች። ከንፈር ለከንፈር። አባዬ ስለ ነዳጅ ዋጋ ማውራት ይጀምራሉ። አያት ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ሰርቨሩ እየፈለገ ነው።

ስለ ጽሑፍ ትርጉምም አንድ ነገር እንበል፤ የአማርኛ ትርጉም ያለው ፊልም ካገኛችሁ የጽሑፍ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ የተቀመጠ መሆኑን እዩ፤ በሰርቨሩ ላይም የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ምረጡለት፣ ለምሳሌ ኒያላን። አለዚያ ሙሉውን ፊልም የሳጥን ሰልፍ ታነባላችሁ። የአማርኛው ትርጉም ከሌለ እማዬ «ምን አለች?» ይላሉ፣ ልጁ ያስተረጉማል። ይህኛው ትራንስኮዲንግ አሥር ሰከንድ ይዘገያል፤ ስድብ ደግሞ ጭራሽ አያሳልፍም።

ወደ ራውተሩ እንሂድ። ራውተሩ ቡፌ ውስጥ ነው። ከሠርግ ብርጭቆዎቹ ኋላ፣ ከቴርሞሱ ጎን፣ ዳንቴል ለብሶ። አንቴናዎቹ ለውበት ሲባል ወደ ታች ተጣጥፈዋል። ዋይፋዩ ዳንቴሉን በቀላሉ ያልፋል፤ ከቡፌው መስተዋት፣ ከብረት ትሪዎቹና ከግድግዳው ጋር ሲደመር ግን ይደክማል። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽን 4ዎች የሚያውቁት የዋይፋዩን 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ብቻ ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ የመጣው በኋለኞቹ ሞዴሎች፣ በስሊሙና በፕሮው ነው። በ2.4 ላይ ሳይነካኩ አብረው የሚሠሩት ቻናሎች ሦስት ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሠላሳ ራውተር በሦስት መንገድ ይጋፋል።

ስሌቱን በእጃችን እንሥራው። 10 ጊጋባይት 80,000 ሜጋቢት ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም 7,200 ሰከንድ ነው። ሲካፈል በሰከንድ 11 ሜጋቢት ገደማ፤ ለዋይፋይ ቀላል ሸክም ይመስላል። ዳሩ ኮምፒውተሩም በዋይፋይ፣ ኮንሶሉም በዋይፋይ ከሆኑ አንዱ ፊልም አየሩን ሁለቴ ይጠቀምበታል፤ አንዴ ወደ ራውተሩ ሲወጣ፣ አንዴ ሲወርድ። ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ፍንዳታ ያለበት ትዕይንት ደግሞ ከአማካዩ ሁለት ሦስት እጥፍ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ፊልሙ ሰዎቹ ሲያወሩ በሰላም ሄዶ ጥይት ሲተኮስ ይቆማል።

ሌላው ጠላት ንጽሕና ነው። ላፕቶፑ መኝታ ቤት ተከፍቶ ተቀምጧል። እማዬ ያልፋሉ። «ይሄ ልጅ ዕቃ አይዝም፣ አቧራ ገባበት» ይሉና ክዳኑን ይከድናሉ፣ ደህና ፎጣ ይደርቡበታል። ሳሎን ፊልሙ ቆመ። ክዳን ሲዘጋ «ምንም አታድርግ» የሚለው ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ይስተካከላል፤ በዚያው ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ «ኔቨር» ይባላል። ፎጣው ግን በሴቲንግ አይነሳም፤ ሙቀቱ ሲበዛበት ላፕቶፑ ራሱን ያጠፋል። ቅዳሜ ደግሞ ከ3,000 ዋት በላይ የሚስበው የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጁ ዝቅ ይላል፣ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፣ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ስለ ምጣዱ የሚከራከር የለም፤ እንጀራ ነው።

የዚህ ሁሉ መፍትሔ አንድ ገመድ ነው። 15 ሜትር ካት 5ኢ የሚባል የኔትወርክ ገመድ፣ ሁለት ራስ፣ ሚስማር ያለው የገመድ መያዣ። ሽቦዎቹ በሁለቱም ጫፍ በአንድ ቅደም ተከተል ይገባሉ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ከስምንቱ 1፣ 2፣ 3 እና 6 ብቻ ቢነኩ እንኳ 100 ሜጋቢት ያልፋል፤ ለፊልማችን ዘጠኝ እጥፍ። ከኮምፒውተሩ እስከ ራውተሩ ብቻ ቢዘረጋም አየሩ በግማሽ ይቀልለታል፤ እስከ ኮንሶሉ ከደረሰ ነገሩ ተዘጋ።

ችግሩ ገመድ ሳሎን ውስጥ አያምርም። በምንጣፉ ሥር ይሂድ ሲባል «ያብጣል»፣ በግድግዳው ጥግ ሲባል «ቀለሙ ገና አሁን ተቀባ»። ከሳምንት ድርድር በኋላ በሶፋው ኋላ ይፈቀዳል። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ፊልም ሳይቆም ይታያል። ከዚያ የፋሲካ ዋዜማ ይመጣል፣ ሶፋው ይነሳል፣ ወለሉ ይታጠባል፣ ቄጠማው በር ላይ ይጠብቃል።

«ይሄ ገመድ ምንድነው? ሰው ሊጥል!»

በጥንቃቄ ይነቀላል፣ በወግ ይጠቀለላል፣ በላስቲክ ይታሰራል፤ ቡፌው ውስጥ፣ ከራውተሩ ጎን፣ ከዳንቴሉ ሥር ይቀመጣል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ዶሮ ወጡ ከተበላ በኋላ፣ ታናሽየው ፍላሹን አምጣ ይባላል።