ለክቡር የስልክ ትኬት፦ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አባቴን በር ላይ ስላስቆሙበት ሁኔታ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን አሉ? ባትሪዎ፣ ኔትወርክዎ፣ አፕዴትዎ ሁሉ ደኅና ነው? እኛ ከነብስጭታችን ደኅና ነን። ድርጅትዎን በስም አልጠራም። መጥራትም አያስፈልግም፤ ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ ስልኩ ውስጥ እርስዎን የመሰለ አንድ አለው።

ባለፈው እሑድ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ያንኪ ስታዲየም በሚባለው የቤዝቦል ሜዳ በር ላይ ተገናኝተን ነበር። በሕዝቡ ብዛት ካላስታወሱኝ ልጠቁምዎ። በሰው ስልክ ላይ አጎንብሳ የትራፊክ መብራት ስትለቅም የነበረችው እኔ ነኝ። ሱፍ ኮት ለብሶ፣ የባልቲሞር ወፍ ያለባት ኮፍያ አድርጎ፣ የፕላስቲክ ፋይል በብብቱ ይዞ አጠገቤ የቆመው ደግሞ አባቴ ነው።

አባቴን ላስተዋውቅዎ። ዕድሜውን ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ታክሲ ነጂ ቤዝቦል የሚወድበት ምክንያት ግልጽ ነው። የኤርፖርት ተራ አይደርስም፤ ቤዝቦልም አይቸኩልም። ሬዲዮ ላይ ሲሰሙት ጋቢና አብሮዎት የተቀመጠ ሰው የሚያወራ ነው የሚመስለው። ዋሽንግተን ደግሞ ከ1971 በኋላ እስከ 2005 ድረስ የራሷ ቡድን አልነበራትም። ስለዚህ አባዬ የጎረቤትን፣ ባልቲሞርን ያዘ። ዋሽንግተን ቡድን ስታገኝም አልቀየረም። ይኸው እስከ ዛሬ ይበሳጫል።

የእሱ ሰው የባልቲሞሩ ተጫዋች ካል ሪፕከን ነው። ሪፕከን ከሥራ የማይቀር ሰው ነበር። ከ1982 ጀምሮ አንድ ጨዋታ ሳያልፈው ተጫውቶ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1995 የድሮውን የያንኪ ተጫዋች የሉ ጌሪግን የ2,130 ተከታታይ ጨዋታዎች ክብረ ወሰን ሰበረ። አባዬ ቀኑን የሚያውቀው ጳጉሜ 1 ቀን 1987 ብሎ ነው። አምስተኛው ኢኒንግ፣ አምስተኛው ዙር ማለት ነው፣ ላይ ጨዋታው ቆመና ሕዝቡ 22 ደቂቃ ሙሉ አጨበጨበ። አባዬ ያን ጊዜ መኪናው ውስጥ ነበር። ተሳፋሪው ቤቱ ደጃፍ ደርሶ አልወርድም አለ። አባዬ ቆጣሪውን አጠፋና ሁለቱ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ታክሲ ነጂ ቆጣሪ የሚያጠፋው በምን ሰዓት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሪፕከን 2,632 ጨዋታ ከሞላ በኋላ በ1998 በራሱ ፈቃድ አንድ ጨዋታ ቀረ። አባዬ ግን ነዳ።

አሁን ጡረታ ወጥቷል። ምን ላድርግልህ ስለው ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ "የዚያን የጌሪግን መታሰቢያ አሳዪኝ።" ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ሞኑመንት ፓርክ የሚባል ቦታ አለ። የጌሪግ የድንጋይ መታሰቢያ እዚያ ነው። ጌሪግ በ1939 ሕመም አስቆመው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ37 ዓመቱ ሞተ። "ሕመም እንጂ ስንፍና አላስቀረውም" ይላል አባዬ፣ ልክ የሰፈሩ ሰው እንደሆነ። ቦታው ትኬት ላለው ሰው ሁሉ ነፃ ነው። ግን ጨዋታው ሊጀመር 45 ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል። እባክዎ ይህችን 45 ይያዙልኝ።

ባልቲሞር ኒው ዮርክ ሄዶ የሚጫወትበትን እሑድ መርጬ ሁለት ትኬት ገዛሁ። ሌሊት ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሣን። መሪውን ለእኔ አልሰጥም አለ፤ ያንን እንኳን ተዉት። መኪናውን ኒው ጀርሲ አቁመን፣ ባቡር ቀያይረን፣ በ4 ቁጥር ባቡር መጣን። ባቡሩ ብሮንክስ ሲደርስ ከመሬት ወጥቶ በድልድይ ላይ ይሄዳል፤ ስታዲየሙ በመስኮቱ ድንገት ይታያል። አባዬ ኮፍያውን አስተካከለ። ጊዜ ነበረን። ገና በሩ አልተከፈተም።

ከዚያ እርስዎ መጡ።

ሌሊቱን ሙሉ ካርታ ሲያሳይ የመጣው ስልኬ ላይ ተከፈቱና "ለስካን እንዲመች የስክሪንዎን ብርሃን ይጨምሩ" አሉኝ። ጨመርኩ። ተሽከረከሩ። አሁንም ተሽከረከሩ። አርባ ሺህ ሰው በአንድ ሰፈር ኔትወርክ ሲሻማ እርስዎ ማስታወቂያ እያወረዱ ነበር። የሚቀጥለውን ወር ኮንሰርት አሳዩኝ። የእኔን ወንበር ግን አላሳዩኝም። ከዚያ ስልኬ ጠፋ። ሞተ። የአባዬ ስልክ ደግሞ መኪናው ውስጥ ነው፤ ለእሱ ስልክ ማለት የቤት ዕቃ ነው።

አባዬ አልደነገጠም። "እኔ ይዤዋለሁ" አለና ፋይሉን ከፈተ። ስክሪንሾቱን ልኬለት ስለነበር ቤተ መጻሕፍት ሄዶ በከለር አሳትሞታል። ሁለት ኮፒ። ከሥሩ መንጃ ፈቃዱ፣ ከሥሩ የዜግነት ወረቀቱ ኮፒ። ለኳስ ጨዋታ! በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ሰው ናት፤ አየችው፣ ፈገግ አለች፣ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ሞከረችለት። ማሽኑ ጮኸ። "አባባ፣ እኔ ባስገባዎት ደስ ይለኛል፤ ባርኮዱ ግን በየጥቂት ሰከንዱ ይቀያየራል፣ ወረቀት ላይ ያለው አይነበብም" አለችው። እሷን አልወቅስም። ባርኮድ እንደ ቁንጫ እንዲዘል ያደረጉት እርስዎ ነዎት።

ወደ ጎን ወጣን። አንዲት 2 ቁጥር የያንኪ ማሊያ የለበሰች ሴት የአባዬን የጠላት ኮፍያ እያየች ስልኳን አዋሰችኝ። እግዜር ይስጣት። ፓስወርዴን አስገባሁ። እርስዎም፦ "ይህን ስልክ አላውቀውም። ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ። የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ይምረጡ።"

አባዬ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። "ይቺ አለባት። ይቺም። ይሄ ግን ምሰሶው ብቻ ነው፤ ይቆጠራል?" እኔ እንጃ አልኩት። ተወው አለ፤ "ምሰሶ ጥሶ የተቀጣ ሰው አላውቅም።" ተውነው። ተሳስታችኋል አሉን። የዋሽንግተንን መብራት ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረን ሰው የትራፊክ መብራት ፈተና ጣሉት! በሁለተኛው ሳይክል መጣ፣ በሦስተኛው አውቶቡስ። አለፍን።

"በተመዘገበው ቁጥር ኮድ ልከናል።" የተመዘገበው ቁጥር የእናቴ ነው፤ የቤታችን ስልክ ሁሉ በእሷ ስም ነው። ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ከቅዳሴ አልወጣችም። የእናቴ ስልክ ቅዳሴ ላይ ዝግ መሆኑን መላው ሜሪላንድ ያውቃል። እርስዎ ብቻ አያውቁም። ጠብቀን እንደገና ደወልን። ከማይታወቅ የኒው ዮርክ ቁጥር፣ ልጅሽ ነኝ የምትል ድምፅ፣ ኮድ ንገሪኝ ትላለች። ባለፈው ወር ሰንበቴ ላይ ተጠንቀቁ የተባለው ሌብነት ልክ ይኸው ነው።

"ማን ልበል?"

"እማዬ እኔ ነኝ!"

"ድምፅ አስመስላችሁ ነው። ዘንድሮ በኮምፒውተር ነው የምትሠሩት።"

"እማዬ ሙት! የክርስትና ስሜን ጠይቂኝ!"

ጠየቀችኝ። ወለተ ማርያም አልኳት። "ወለተ ማርያም ያልሆነች የት አለች?" አለችኝና ልትዘጋው ሆነ። ባለ ስልኳ ሴት ቋንቋው ባይገባትም ሁኔታው ገብቷት አፏን ይዛለች። በመጨረሻ "እስቲ እሱን አቅርቢው" አለች። አባዬ ስልኩን ተቀበለ። "ጠዋት ስትወጣ ምን አልኩህ?" አለችው። አባዬ አሰበ፣ አሰበ፣ "አላስታውስም" አላት።

"እሱ ነው!" አለችና ኮዱን ነገረችን።

እርስዎስ? "ኮዱ ጊዜው አልፎበታል። አዲስ ይጠይቁ።"

እዚህ ላይ ነው አባቴ ፋይሉን ዘግቶ "በቃ አንቺ ግቢ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ" ያለው።

ስማኝ አንተ። ይህ ሰው ካርቱም ፀሐይ ላይ ወረፋ ይዟል። ኢሚግሬሽን ወረፋ ይዟል፤ ለታክሲ ፈቃድ፣ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ወረፋ ይዟል። ሁሉም ቦታ ወረቀቱን አሟልቶ ሄዷል፤ ሁሉም ቦታ አልፏል። ወረቀቱ ሙሉ የሆነ ሰው አይመለስም ብሎ ነው የኖረው። መጀመሪያ ሥራውን ስልክ ወሰደበት። ታክሲዎቹ እንደተሰለፉ፣ ተሳፋሪው አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ በአጠገባቸው እያለፈ የሌላ ሰው መኪና ውስጥ ሲገባ ቆሞ አይቷል። አንድ ቃል አልተናገረም። አሁን ደግሞ ልጁ የከፈለችበት በር ላይ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ስልካቸውን ጢጥ እያደረጉ ሲያልፉ፣ እንደ ለማኝ ጥግ አስይዘህ አቆምከው። ከዚያ እሱ ይቅርታ ጠየቀኝ። እሱ! "አስቸገርኩሽ" አለኝ። ይህን ለአንተ ይቅር የምል ከሆነ ወለተ ማርያም አይደለሁም።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ሞቆኝ ነው።

ገባን፤ በሁለተኛው ኮድ። እናቴ "ደግሞ ሌላ?" ብላ ልትሰድበን ነበር፣ አባዬ ገና አቤት ሳይል ሰጠችን። ሞኑመንት ፓርክ ስንደርስ ተዘግቷል። ዘበኛው ሰዓቱን አሳየን። 45 ደቂቃዋ ከተቆረጠች ቆይታለች። አባዬ "አይ፣ ይሁን" አለ፤ ይሁን የሚለው ሳይሆንለት ሲቀር ነው።

አንድ ነገር ላንሣልዎ። ቤዝቦል ረዘመ፣ ወጣቱ ሰለቸው ተብሎ በ2023 ሰዓት ተደነገገበት። ቤዞቹ ላይ የቆመ ሯጭ ከሌለ ኳስ ወርዋሪው 15 ሰከንድ ብቻ ነው ያለው። በ2022 በአማካይ 3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ጨዋታ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆነ። እነዚያን 24 ደቂቃዎች የት እንዳደረሷቸው አባዬ መጠየቅ ይፈልጋል። እኔ በሩ ላይ አግኝቻቸዋለሁ።

የቆዩትን ቂሞች አላበዛም። "የአገልግሎት ክፍያ" የሚሉት ነገር አለ፤ የትኛው አገልግሎት እንደሆነ እሑድ አየሁት። ድሮ መጨረሻው ገጽ ላይ ደብቀው ነበር የሚጨምሩት። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሜይ 2025 ጀምሮ ሙሉ ዋጋውን ከመጀመሪያው አሳዩ ሲል ታዘዛችሁ። እናመሰግናለን፤ አሁን ዓይናችን እያየ ነው የምትወስዱት። ዘመዶችዎም በዝተዋል። ፓርኪንግ አፕ አለው፣ የምግብ ዝርዝር ባርኮድ ነው፣ ሙዳየ ምጽዋት ላይ ሳይቀር ባርኮድ ተለጥፏል። የሐበሻ ኮንሰርት በር ላይ ያለው ልጅ የአክስቴ ልጅ ሆኖ እንኳን "ስካን አርጊ" ይለኛል።

ከጨዋታው በኋላ ባቡር ላይ አባዬ እጁን ዘረጋ። "ትኬቷን ስጪኝ።" ይሰበስባል። የባልቲሞር ትኬቶች፣ ጠርዛቸው የተቀደደ፣ ቤት ውስጥ የመዝሙረ ዳዊቱ ገጾች መሐል አሉት። ተበድሬ ትንሽ ቻርጅ አድርጌ ስለነበር ስልኬን ከፈትኩለት። "ይህ ትኬት ጊዜው አልፏል" የሚል ግራጫ ሣጥን። አየውና "ይቺን ምን ውስጥ ላስገባት?" አለኝ።

በመሆኑም ጥያቄዬ ትልቅ አይደለም። አንድ ወረቀት ነው። የሚቀደድ፣ ቻርጅ የማይፈልግ፣ እናቴን ከቅዳሴ የማያስወጣ ወረቀት። ለሚፈልግ ሰው በሩ ላይ አትሞ የሚሰጥ አንድ መስኮት ክፈቱ። ክፍያ ጨምሩበትም ከተባለ ጨምሩ፤ ስም ማውጣት ለእናንተ አይቸግርም።

በማግስቱ ጠዋት ኢሜይል ልከውልኛል። "ቆይታዎ እንዴት ነበር? ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡናል?" ይላል። ኮከቦቹን ልጫን ስል እንደገና ሎግ ኢን አድርጊ ስላሉኝ በደብዳቤ መልሻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ወለተ ማርያም

ግልባጭ፦
ለፓርኪንግ አፕ
ለምግብ ዝርዝሩ ባርኮድ
ለእናቴ (ከማይታወቅ ቁጥር ስለሚደርሳት ላትከፍተው ትችላለች)