ታማሚውን ሳንጠይቅ አንራመድ

የቅርብ ዘመድ በጽኑ ሲታመም ብዙ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ያቅተዋል። ሐኪም ስላልሆነ ማከም አይችልም፤ መራመድ ግን ይችላል። ስለዚህ ለበጎ አድራጎት በሚዘጋጅ የእግር ጉዞ ይመዘገብና ከወዳጅ ዘመድ ገንዘብ ማሰባሰብ ይጀምራል። «ገንዘቡን በቀጥታ መስጠት እየተቻለ መራመዱ ምን ይፈይዳል?» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ስሌቱን አውቀውታል፤ የሰውን ጠባይ ግን ዘንግተውታል።

የሰውን ጠባይ የሚያጠኑት ተመራማሪዎች ክሪስቶፈር ኦሊቮላ እና ኤልዳር ሻፊር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ከምቹው ይልቅ ድካምና ሥቃይ ላለበት የገንዘብ ማሰባሰቢያ አብልጠው እንደሚሰጡ አሳይተዋል። ቀኝ እግሩን በአጥንት ካንሰር ያጣው ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1980 ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ሠራሽ እግር አገሩን ሊያቋርጥ ተነሥቶ ነበር። ካንሰሩ ሳንባው ላይ ታይቶ እስኪያስቆመው ድረስ በ143 ቀናት ከ5,300 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጧል። ቤቱ ተቀምጦ ደብዳቤ ቢጽፍ ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

ነገር ግን ቴሪ ፎክስ የተናገረው የራሱን ሕመም ነው። ለዘመዱ የሚራመድ ሰው የሚናገረው የሌላውን ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። የምርመራው ውጤት፣ ፀጉር ያለቀበት ፎቶግራፍ፣ የሆስፒታሉ አልጋ፣ ሁሉም ለጋሹን ያሳዝናል፤ ገንዘብም ያስገኛል። ታማሚው ግን አንዳንዴ ለሥራ ባልደረቦቹ እንኳን ያልነገረውን ነገር በማያውቃቸው ሰዎች ስልክ ላይ ያገኘዋል። የተሰራጨውን መልሶ መሰብሰብ ደግሞ አይቻልም።

እህቴ ስትታመም የድጋፍ ጥሪውን ረቂቅ ለእርሷ አነበብኩላት። ስለ ትግል፣ ስለ ጀግንነት የሚያወሩትን ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ አሰረዘችኝ። «ጀግና አይደለሁም፤ ደክሞኛል። ሕክምናው ባይሠራ ደግሞ ሳትታገል ቀረች ሊሉኝ ነው?» አለችኝ። ፎቶግራፍ ከልክላ ስሟን ፈቀደች። ከዚያ የቀረው አጭርና ደረቅ ጽሑፍ ነበር፤ ሰዎች ግን ሰጡ። የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸው፤ ያመኑት እኔን እንጂ ጽሑፉን አልነበረም።

መተማመኑ የገንዘቡንም መንገድ ይመለከታል። ብሪታንያዊው ካፒቴን ቶም ሙር እ.ኤ.አ. በ2020፣ 100ኛ ዓመቱን ሊይዝ ሲል፣ በመራመጃ ተደግፎ በአትክልት ቦታው 100 ዙር በመሄድ ለአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በጎ አድራጎት ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አስገኝቷል። ያ ገንዘብ በቀጥታ ለታለመለት ደረሰ። ኋላ በስሙ በተቋቋመው ሌላ ድርጅት ላይ ግን የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ምርመራ አካሂዶ፣ የሙር ቤተሰብ ከድርጅቱ በግሉ መጠቀሙን እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ አደረገ። አዛውንቱ እርምጃቸውን ሲቆጥሩ ይህን የት ያውቁታል! ለጋሹ በቀጥታ ለድርጅቱ እንዲከፍል ማድረግ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ታማሚው «ስሜም ታሪኬም እንዳይነሣ» ካለስ? ጉዞው አይቀርም። የበሽታውን ዓይነት፣ ገንዘቡን የሚቀበለውን ድርጅትና ገንዘቡ የሚውልበትን ሥራ ጽፎ መጠየቅ ይቻላል። ለማን እንደምንራመድ አጥብቆ የሚጠይቅ ለጋሽ ቢመጣ «ለቤተሰብ ነው» ማለት ይበቃል።