አደገኛው ሳምንት ሕመሙ የጠፋበት ነው

ሳያቲካ፣ ከወገብ ተነስቶ ወደ እግር የሚወርደው የነርቭ ሕመም፣ ሦስተኛ ጊዜ የያዘኝ የጫማ ክር ሳስር ነው። ከሁለት ቀን በፊት 120 ኪሎ ከመሬት አንስቼ ምንም አልሆንኩም፤ ጎንበስ ብዬ ክሬን ልቋጥር ስል ግን ከመቀመጫዬ እስከ ባቴ ኤሌክትሪክ የያዘኝ ያህል ነዘረኝና ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ምክሩ ወዲያው ጎረፈ። ቤት ያሉት «ብረት የሚባል ነገር ይቅርብህ» አሉ። ጂም አብረውኝ የሚሠሩት ደግሞ «ሲሞቅ ይለቅሃል፣ ሥራበት»። ሁለቱንም ከዚያ በፊት ሞክሬያቸዋለሁ። መጀመሪያ የያዘኝ ጊዜ አራት ወር አቆምኩ፤ ስመለስ ወገቤ ከቀድሞው ደክሞ ጠበቀኝ። በሁለተኛው ጥርሴን ነክሼ ሠራሁ፤ ሕመሙ ከመቀመጫዬ ወርዶ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ።

ምክሮቹ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ስህተታቸው አንድ ነው፦ ሁለቱም መጠን የሚባል ነገር አያውቁም።

ሳያቲካ የአንድ ነርቭ ጩኸት ነው። ሳያቲክ ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ሁሉ ወፍራሙ ሲሆን፣ ከታችኛው የአከርካሪ ክፍል የሚወጡ 5 ሥሮች ተጋምደው ይሠሩታል፤ በመቀመጫ አልፎ በጭን ጀርባ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቆጣው ከመጨረሻዎቹ ሁለት የወገብ ዲስኮች (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ከሚያገለግሉት) አንዱ ወጣ ብሎ ሥሩን ሲነካው ነው። ጉዳቱ ወገብ ላይ ሆኖ የሚጮኸው ባት የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ይህን የሰማ ሰው የሰውነትን ውስጥ ምስል ወደሚያነሳው ኤምአርአይ ይሮጣል፤ ውጤቱ ላይ «ዲስክ ወጥቷል» የሚል ሲያነብ ደግሞ ራሱን እንደ ብርጭቆ መያዝ ይጀምራል። በ2015 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ ምንም ሕመም የሌላቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል ተመልክቶ ነበር። ያበጠ ዲስክ የተገኘው በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት በ30 በመቶው፣ በ80 ዓመት ካሉት በ84 በመቶው ላይ ነው። የወጣ ዲስክም ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይሟሽሻል። ተኝቶ መዋል ይህን አያፋጥነውም፤ በ1999 በታተመ የኔዘርላንድ ጥናት 183 ሕመምተኞች ለሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ቢቆይም፣ በ12ኛው ሳምንት የተሻላቸው ሰዎች በሁለቱም ወገን 87 በመቶ ነበሩ።

እንግዲያው መሥራቱ ይቀጥል። ግን በምን ልክ? እኔ የምለካው በወገቤ ሳይሆን በእግሬ ነው፤ ደግሞም በዛሬ ሳይሆን በነገ። ሕመሙ ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ መቀመጫ ከሸሸ፣ ወገቡ ትንሽ ቢብሰው እንኳ መንገዱ ትክክል ነው፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችም የሚፈልጉት ምልክት ይህ ነው። ወደ ታች ከወረደ፣ ወይም እግሩ መደንዘዝ ከጀመረ፣ የዚያን ቀን ሥራ በዝቷል። ሲሠሩ ከ10 ሦስት ያህል የሚሆን ሕመም ቢሰማ አያስደነግጥም፤ በማግስቱ ወደነበረበት ከተመለሰ ሰውነት ተቀብሎታል። ካልተመለሰ በሚቀጥለው ጊዜ ይቀነሳል። በዚህ ሂሳብ ባሩን (ክብደት የሚጫንበትን ዘንግ) ከመሬት ሳይሆን ከጉልበት በታች ካለ መደገፊያ ማንሳት፣ በትከሻ የሚሸከሙትን ስኳት ትቶ ደምቤል ደረት ላይ ይዞ መቀመጥና መነሳት፣ ወይም በአንድ እግር መሥራት ይቻላል። ማለዳ ከአልጋ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ዴድሊፍት፣ ማለትም ባር ከመሬት ወደ ማንሳት፣ መሄድ ግን አልመክርም፤ ዲስክ ሌሊቱን ውሃ ስቦ ስለሚያድር ጎንበስ ማለት በጣም የሚከብደው በዚያ ሰዓት ነው።

እስካሁን ያልኩትን ብዙ አሰልጣኞች ይነግሩዎታል። የማይነግሩዎት ስለ ስድስተኛው ወይም ስለ ሰባተኛው ሳምንት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ይነሳሉ፤ እግርዎ ዝም ብሏል። ሲያስነጥሱ አይነዝርዎትም። የጠፋብዎትን ጊዜ ለማካካስ ሲሉ በዚያው ሳምንት የድሮውን ኪሎ ባሩ ላይ ይጭናሉ። እኔ ሁለት ጊዜ የተመታሁት እዚህ ላይ ነው፤ የጫማው ክር ያን ዕዳ ሊሰበስብ የመጣ ነው። የሕመም መጥፋት ነርቩ መረጋጋቱን ይናገር ይሆናል እንጂ፣ ሳይሠሩ የከረሙት ጡንቻዎች ጉልበታቸው መመለሱን አይናገርም። አሁን ሕመሙ ከጠፋበት ቀን ጀምሬ ከቀድሞው ግማሽ እነሳለሁ፤ በሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አልጨምርም። አሰልቺ ነው። ጎረምሳው አጠገቤ 140 ሲያነሳ በ60 ኪሎ መቆም ያሳፍራልም፤ ምንም እንኳ እሱ ባሬን ዞር ብሎ ባያየውም።

ጀግንነት ጨርሶ የማይሠራበት ሁኔታም አለ። ሽንት ካልወጣ ወይም ካመለጠ፣ በሁለቱ ጭኖች መሃልና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ፣ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ ሰዓታት ይቆጠራሉ። እየሄዱ የእግር ፊት አልነሳ ብሎ መሬት መጎተት ከጀመረ፣ ወይም ሕመሙ ከትኩሳትና ካልታወቀ ክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ፣ ጂሙ ይቆይ፣ ሐኪም ቶሎ ይይዎት።

በዚህ ሳምንት 90 ኪሎ ላይ ደርሻለሁ፣ ያውም ከመደገፊያው። የጫማ ክሬን የማስረው ተቀምጬ ነው።