ካርቦኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ጎማና ፍሬን

ባለፈው እሁድ ጠዋት ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ሻይ ይዘን ቁጭ ብለን አንድ የሰፈራችን ልጅ አዲሱን ኮርስ ሳይክል እየገፋ መጣና ጋሼ እስቲ ይሄን እዩልኝ ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ቴሌግራም ላይ ያገለገለ የካርቦን ቸርኬ ጥንዱ ለሽያጭ ወጥቷል፣ ዋጋው ሳይክሉ ከተገዛበት ከግማሽ በላይ ነው፣ ልጁ ደሞ ብሩን ከደሞዙ ቆጥቦ ይዞታል። ተው አልኩት። ለምን ተው እንዳልኩት ግን እዛ ቁጭ ብዬ በደንብ አላስረዳሁትም፣ ድሬም ሐረርም ውስጥ እንደሱ አዲስ ሳይክል ገዝተው መጀመሪያ ምን ልቀይር ሚሉኝ ልጆች ስላሉ እዚህ ዘርዘር አርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩ ሚጀምረው ከመንገዱ ነው። እኛ ጋ ኮርስ ሳይክል ያለው ሰው ዞሮ ዞሮ የደንገጎን ዳገት መሞከሩ አይቀርም፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደንገጎ ስትደርስ ወደ 2,000 ሜትር ወጥተሃል፣ ከዛ በሐረማያ በአወዳይ አርገህ ሐረር ትገባለህ። ስትመለስ ያንን 800 ሜትር ሽቅብ በሙሉ ቁልቁል ትወርደዋለህ። ሰው ሳይክሉ ላይ ብር ሲያወጣ ሚያስበው ስለመውጣቱ ነው፣ እኔ ግን ብሩ ቀድሞ መሄድ ያለበት ለመውረዱ ነው ባይ ነኝ።

ልጁ ያለኝ ቸርኬው ቀላል ስለሆነ ዳገት ላይ ይረዳኛል ነው። እሺ እናስላው። አንተና ሳይክልህ ከነውሃህ 80 ኪሎ ናችሁ፣ አዲሱ ቸርኬ ግማሽ ኪሎ ቀነሰልህ እንበል፣ ደንገጎን በ80 ደቂቃ ምትወጣ ከሆነ ያተረፍከው ግማሽ ደቂቃ ነው፣ በቃ። እና ደሞ የሱ ሳይክል ፍሬኑ ቸርኬውን ይዞ ነው ሚያቆመው፣ ዲስክ አይደለም፣ ካርቦን ደሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝበት ሙቀቱን እንደ አሉሚኒየም ቶሎ አይለቅም፣ የካርቦን ክሩን ያጣበቀው ሙጫ ከሚችለው በላይ ከጋለ ይለሰልስና ቸርኬው ያብጣል ወይ ይሰነጠቃል። ያገለገለ ሲሆን ደሞ በፊት ስንቴ እንደጋለ በምን ታውቃለህ። ኤርትራዊው ሳይክል ጋላቢ ቢኒያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ 3 ስቴጅ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ የወሰደው በካርቦን ነው ይሉኛል፣ እውነት ነው፣ ግን እነሱ በዲስክ ፍሬን ነው ሚወርዱት፣ ከኋላቸውም ትርፍ ቸርኬ የጫነ የቡድን መኪና ይከተላቸዋል። አንተን ደንገጎ ላይ ሚከተልህ የጫት መኪና ነው።

ስለዚህ አንደኛ ጎማ። ዋጋው ዝቅ ያለ አዲስ ሳይክል ብዙ ጊዜ ይዞት ሚመጣው ጎማ ደረቅና ከባድ ነው፣ መንገዱን አይዝም፣ እሾህም አይችልም፣ የኛ ሀገር የግራር እሾህ ደሞ ከዳር ዳር በየአስፋልቱ ጠርዝ አለ፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከወረደ በኋላ ደሞ አሸዋና ስባሪ ጠርሙስ መንገዱ ላይ ትቶ ነው ሚሄደው። ከስሩ መከላከያ ሽፋን ያለው ጥሩ ጎማ፣ ኮንቲኔንታል በለው ሽዋልቤ በለው ቪቶሪያ፣ ጥንዱን ግዛ፣ ስፋቱ 28 ሚሊሜትር ይሁን፣ 23 ወይ 25 ላይ ሙጭጭ አትበል። ቀጭን ጎማ ይፈጥናል ሚባለው የድሮ ወሬ ነው፣ እንደኛ ሸካራ አስፋልት ላይ ቀጭኑ ጎማ እያነጠረህ ጉልበትህን ይበላዋል፣ 28ቱ ግን ንፋሱ ለስለስ ስለሚል መንገዱን ዋጥ አርጎ ይሄዳል፣ መታጠፊያ ላይም ይዞ ይቆማል። ከመግዛትህ በፊት ግን ከፍሬሙም ከፍሬኑም ጋር ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ክፍተት እንደሚተርፈው ለካ።

ንፋሱ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ልጆች ሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ጎሚስታ ጋ ወስደህ ሙላልኝ ስትለው እንደ ድንጋይ አርጎ ይሞላልሃል፣ ደግ አስቦ ነው፣ ግን 65 ኪሎ ለሆነ ሰው 28 ጎማ ላይ በንፋስ መለኪያው ከ70 እስከ 80 ፒኤስአይ በቂ ነው፣ የፊቱ ደሞ ከኋላው ቀነስ ይላል። የኮርስ ካላማዳሪያ አፉ ቀጭን ስለሆነ ለመኪናና ለባጃጅ የተሰራው መሙያ አይገባበትም፣ ትንሽዬ የነሐስ ማገናኛ አለች፣ እሷን ገዝተህ ኪስህ ውስጥ ክተት። የራስህ ፓምፕ ከነመለኪያው ቢኖርህ ደሞ የተሻለ ነው። ትርፍ ካላማዳሪያ 2 ያዝ፣ መንገድ ላይ ባሉ ሱቆች የ26 ኢንች እንጂ የኮርሱን፣ 700 ሚባለውን ልክ ጠይቄ አግኝቼ አላውቅም።

ሁለተኛ የፍሬን ጎማ። ይሄን ስል በደረሰብኝ ነው። አምና ከሐረር ስመለስ ደንገጎን እየወረድኩ ፍሬኑን አንዴ ይዤ ሳልለቅ፣ እንዲሁ እየጎተትኩ ነበር ምወርደው፣ ሳይክሉ ሲገዛ አብሮት የመጣው የፍሬን ጎማ ደሞ ደርቆ መስታወት መስሏል፣ አጥብቄ ካልጨበጥኩት አይዝም። ቸርኬው ጋለና ካላማዳሪያው ላይ የነበረው ልጥፍ ለቀቀ፣ የፊት ጎማዬ መታጠፊያ ላይ ተነፈሰ፣ ከኋላዬ ደሞ ከአወዳይ ጫት ይዞ ሚበር አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ይመጣል፣ ወላሂ ወደ ዳሩ ድንጋይ ላይ ተጠግቼ ነው የተረፍኩት። ቸርኬውን ስነካው ጣቴን ለበለበኝ። ከዛ ወዲህ ጥሩ የፍሬን ጎማ አስገባሁ፣ ዋጋው ከካርቦኑ ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም፣ አወራረዴንም ቀየርኩ፣ መታጠፊያው ሳይደርስ ጠበቅ አርጌ እይዝና እለቀዋለሁ፣ አየሩ ያቀዘቅዘዋል፣ መሀል ላይ ቆም እላለሁ። በየሳምንቱ የፍሬኑን ጎማ ገልብጣችሁ እዩት፣ አሸዋና የአሉሚኒየም ፍንካች ይሰካበታል፣ በመርፌ አውጡት፣ ካልወጣ ቸርኬውን ይፍቀዋል።

ብር ከተረፈህ ሦስተኛው የኋላ ጥርስ ነው፣ ዳገቱን ለመውጣት ከልቤ ምመክረው እሱን ነው። የልጁ ሳይክል ፊት ትንሹ ባለ 34 ጥርስ ኋላ ትልቁ ባለ 28 ነው፣ በዚህ ማርሽ ዳገት ላይ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ለማዞር በሰአት 9 ኪሎሜትር መሄድ አለብህ፣ አቅም ካነሰህ ጉልበትህ ላይ ቆመህ ትገፋዋለህ፣ የጉልበትህ ሎሚም ያልቃል። የኋላውን 34 ካረግከው 7 ኪሎሜትር ተኩል ላይ ቁጭ ብለህ ታዞራለህ። ማርሽ ቀያሪው ክንዱ አጭር ከሆነ 34 አይችልም፣ መካኒክህን ቀድመህ ጠይቅ፣ ሰንሰለቱም አብሮ መርዘም አለበት።

የሴላው፣ የመቀመጫው ቁመት ደሞ በነፃ ነው፣ ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አርገህ ታች ስትወርድ እግርህ ቀጥ እስኪል ከፍ አርገው፣ ሴላው አይመቸኝም ብለህ ሌላ ከመግዛትህ በፊት ይሄን ሞክር። ሰንሰለት ላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት አታፍስስ አቦ፣ የድሬን አቧራ በሙሉ ይሰበስብልሃል። ኤልሜትና የኋላ መብራት ገና ሳይክሉ ሲገዛ አብረው መገዛት ያለባቸው ናቸው፣ መብራቱ ቀንም ይብራ፣ በተለይ ከአወዳይ እስከ ደንገጎ።

ልጁ ትናንት ደወለልኝ፣ ቸርኬውን ትቶታል፣ 28 ጎማ ጥንዱን አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ ገዝቶለት በአውቶብስ ልኮለታል፣ ማታ ሳቢያን ሰፈር በር ላይ ቁጭ ብለን ገጠምነው። የፍሬኑን ጎማ ግን እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያን ዞረን አላገኘንም፣ እስኪመጣ ደንገጎን አትወርድም ብዬዋለሁ፣ በየጠዋቱ ሜዳው ላይ እየነዳ ነው።