ልብ ውስጥ ያለ ሁሉ ለልብ መድኃኒት አይደለም

በቅርቡ አንድ ወዳጄ እህቱ ከአሜሪካ የላከችለትን ነጭ ብልቃጥ ይዞ ቤቴ መጣ። በላዩ ላይ በትልቁ «ታውሪን» ተብሎ ተጽፏል፤ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ደግሞ ምርቱ በሽታን ለማከምም ሆነ ለማዳን የታሰበ እንዳልሆነ ተገልጿል። እህቱ በስልክ የነገረችው ግን የተዛባ የልብ ምትን እንደሚያስተካክልና የማስታወስ ችሎታን እንደሚያጎለብት ነው። ወዳጄ በልጅነቱ የተመላለሰበት የቶንሲል ሕመም የልቡን በሮች ስለጎዳበት ልቡ ያለ ሥርዓት ይመታል፤ ለዚህም ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የተባለ ክኒን በየቀኑ ይወስዳል። ሊጠይቀኝ የመጣውም ይህን ክኒን ትቶ በታውሪን ብቻ መቆየት ይችል እንደሆነ ነበር።

ታውሪን የአሚኖ አሲድ ወገን ነው። በልብ ጡንቻ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ልብ በየምቱ የሚጠቀምበትን ካልሲየም በመቆጣጠርም ያግዛል። ድመት ከምግቧ ካላገኘችው ልቧ ሰፍቶ ይደክማል። የሰው ጉበት ግን ራሱ ስለሚሠራው፣ ሥጋና ዓሣ ሳይበላ ረጅም ጾም የሚጾም ሰው እንኳ እንደ ድመቷ አይሆንም። ምትን ያስተካክላል ለሚለው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጽሑፍ የጥቂት ሰዎችን ታሪክ የሚተርክ እንጂ በንጽጽር የተደረገ ሙከራ አይደለም።

በዚያው ዓመት አርጂኒን በተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ላይ የታተመውን ውጤት ግን ልረሳው አልችልም። አርጂኒን የደም ሥርን የሚያሰፋ ጋዝ ሰውነታችን የሚሠራበት ንጥረ ነገር በመሆኑ ለልብ እንደሚበጅ ብዙዎች ተስፋ አድርገውበት ነበር። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ድንገተኛ የልብ ጥቃት በደረሰባቸው 153 ሕሙማን ላይ ሲሞክሩት፣ አርጂኒን ከወሰዱት መካከል 6 ሰዎች ሞቱ፤ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው አንድም አልሞተም፤ ሙከራውም ሳይጠናቀቅ ቆመ። ጥናቱ ስለ ምት መዛባት ባይሆንም፣ በወረቀት ላይ ያማረ ምክንያት በታመመ ልብ ላይ ሲውል ምን ሊያስከትል እንደሚችል አሳይቷል።

ስለ ማስታወስ የሚነገረውም በአብዛኛው ከአይጥ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የኮሪያ ተመራማሪዎች ታውሪን በውኃ የተሰጣቸው፣ የአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ምልክት ያላቸው አይጦች ትውስታቸው እንደተሻሻለ ጽፈዋል። የወዳጄን አእምሮ እየጠበቀ ያለው ግን ሊተወው ያሰበው ዋርፋሪን ነው፤ ልብ ያለ ሥርዓት ሲመታ ውስጡ የሚረጋው ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል እንዳይሄድ የሚከለክለው እርሱ ነውና። ብልቃጡን ሳይከፍት ለሐኪሙ እንዲያሳይ፣ ክኒኑንም በዚያው ምሽት እንዳያስታጉል ለመንሁት።